ቀሪ የመባል ክብር፦ ስለ እርጅናና ስለ ማኅበር በሐረር የተደረገ ዲስኩር

 

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት በዓለም ሁሉ ይታሰባል። ይህን ቀን ምክንያት በማድረግ የጋበዙኝ ወዳጆቼ እንድመልስላቸው የሰጡኝ ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ ተነግሮ የሚያልቅ ነው፤ «ሰው ሲያረጅ ወገን የሚያገኘው ከየት ነው?» ይላል። ጥያቄው ለእኛ የቅርብ ጥያቄ ነው፤ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን መኖሪያ ቤት ይሠራላቸው የሚል ሰው በተነሣ ቁጥር፣ የለም፣ ሽማግሌን ከደጁ ነቅሎ በግቢ መሰብሰብ ነውር ነው የሚል ሌላ ሰው ይነሣል፤ ሁለቱም በየፊናቸው እውነት አላቸውና ክርክሩ ሳይቋጭ ይቀራል።

መልሴን ከወዲሁ ተናግሬ የቀረውን ጊዜ ለማስረዳት ላውለው እወዳለሁ። በእኔ አሳብ ሰው ወገን አለኝ ሊል የሚችለው ተራ በሚደርሰው፣ ግዴታ በተጣለበት፣ ባይመጣም ስሙ ተጠርቶ «ቀሪ» ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ ነው። መጠለያ፣ ምግብና መድኃኒት ሕይወትን ያቆያሉ፤ ወገን የሚያደርገው ግን መፈለግ ነው። ይህን አሳብ በአራት ክፍል አስረዳለሁ፦ በመጀመሪያ እርጅና ከሰው ላይ ምን እንደሚወስድ፣ በሁለተኛው ሐረር ለዚህ ምን መድኃኒት እንዳላት፣ በሦስተኛው ኩዌከር የሚባሉት ሰዎች በባሕር ማዶ ምን እንዳደረጉ፣ በአራተኛውም እኛ ምን ማድረግ እንደሚገባን እናገራለሁ።

እንግዲህ ከአንደኛው ክፍል ልጀምር፤ እርጅና ምን ይወስዳል?

ዓይን እንደሚፈዝ፣ ጉልበት እንደሚከዳ፣ ጥርስ እንደሚረግፍ የማያውቅ የለምና በዚህ አላቆያችሁም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው፣ ትናንት ሰው ሁሉ የሚጠይቀውና የሚያማክረው፣ ሲዘገይም የሚጠበቅ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ቢመጣ ተነሥተው የሚያስቀምጡት፣ ባይመጣ ግን ማንም የማይጠይቀው ሆኖ መገኘቱ ነው። ማክበር አልጎደለም፤ መፈለግ ነው የጎደለው። መንግሥት ለሠራተኞቹ የጡረታ ሕግ ካወጣ ዘመናት አልፈዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ባለመብት ሆነዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጡረታ የደመወዝን ቦታ ይተካል እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ወንበር፣ የጠዋቱን ሰላምታና የባልደረባውን ጭቅጭቅ አይተካም።

በከተማችን ደግሞ ይህ ነገር የራሱ መልክ አለው። በግንብ የታጠረችው የአሮጌዋ ከተማ፣ የጁገል፣ ልጆች ብዙዎቹ ከ1940 ዓ.ም. የኩሉብ የፖለቲካ እንቅስቃሴ በኋላ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ወጡ፤ በደርግ ዘመን የወጡትም እስከ ሳውዲ ዐረቢያ፣ እስከ ቶሮንቶና እስከ ሜልቦርን ተበተኑ። ስለዚህ በአንዳንዱ ግቢ፣ ድሮ ሦስት ትውልድ በሚተራመስበት ቤት፣ ዛሬ አንዲት እናት ከአንዲት የቤት ሠራተኛና ከተከራዮች ጋር ይኖራሉ፤ የሚላክላቸው ገንዘብ በወሩ ይደርሳል፤ የልጅ ልጆቻቸውንም በስልክ መስኮት ያያሉ፤ ነገር ግን ምሳ ቀርቦ «እማማን ጥሩ» የሚል ድምፅ በዚያ ቤት አይሰማም። ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማም ሌላ ዓይነት ብቸኝነት አለ፤ በጦር አካዳሚው፣ በመምህራን ማሠልጠኛው፣ በጤና ጣቢያውና በፍርድ ቤቱ ምክንያት ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ወልደው ከብደው፣ ልጆቻቸው ሲበተኑ እዚሁ የቀሩ፣ ወደ ትውልድ ቀያቸው ቢመለሱ የሚያውቃቸው የሌለ፣ በዚህም የሥጋ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች አሉ። የእነዚህን የሁለቱን ዓይነት ሰዎች መልክ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ዲስኩሬ እስኪያልቅ ድረስ ስለ እነርሱ ነው የምናገረው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፤ ሐረር ለዚህ ምን መድኃኒት አላት?

ሐረር ሰውን ከሰው ጋር በማኖር ሥርዓት የታወቀች ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያጠሩት ግንብ አምስት የጥንት በሮች አሉት፤ ግንቡ የከተማዋን ሰው ከጠላት ቢከልልም አምስቱ በሮች ገበሬውን፣ ነጋዴውንና እንግዳውን ሲያስገቡ ኖረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መስጊዶቹንና የአውልያ መቃብሮቹን ብቻ ሳይሆን የሐረሪን ቤት አሠራርም እንደ ልዩ ሀብት ቆጥሮታል። እኔም ከዚሁ ከቤቱ መጀመር እፈልጋለሁ።

የሐረሪ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፊት ለፊት የሚታየው በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተደረደረ መደብ ነው፤ ስሙም ነደባ ይባላል። በሥርዓቱ የተሠራ ቤት አምስት ነደባ ሲኖረው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ስምና ደረጃ አለው፤ የከበረው አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ስፍራ ነው፤ ከበሩ ኋላ እስካለው እስከ ዝቅተኛው ድረስ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታውን አውቆ ይቀመጣል። ምንጣፉና ትራሱ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና ሳህን ለእንግዳ ዓይን ጌጥ ነው፤ ለቤተ ሰቡ ግን ቤቱ ራሱ የስም መዝገብ ነው። የአያት ቦታ ባዶ በሆነ ጊዜ ባዶነቱ ለሁሉም ይታያል፤ ልጅ ሮጦ ገብቶ ሊቀመጥበት ቢል «ተነሥ፣ የአባባ ነው» ይባላል። አባባ ባይኖሩም እንኳ ቦታቸው እንዳለ ያስታውቃል፤ መፈለግ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ከቤት ወደ ጎረቤት ስንወጣ አፎቻን እናገኛለን። አፎቻ ምን እንደ ሆነ ለሐረር ሰው ማስረዳት ለቄስ አቡነ ዘበሰማያትን ማስተማር ይሆንብኛልና ወጣቶቹን ብቻ ላስታውስ፤ አፎቻ ለሰርግና ለሐዘን የቆመ ማኅበር ነው፤ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹም ለብቻ ይሰበሰባል፤ አባል የሆነ ሰው በሰርግም በለቅሶም መገኘት ግዴታው ነው፤ ያልተገኘ ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና ከዚያም በኋላ በከተማችን እየኖረ ያጠናው አሜሪካዊው ሲድኒ ዋልድሮን፣ የሐረሪን ኑሮ አንድ አድርገው የያዙት ሦስት ነገሮች ዘመድ፣ ወዳጅና አፎቻ መሆናቸውን ጽፏል። እኔም በዚህ ላይ ስለ እርጅና አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስቱ መካከል ዘመድ ይሰደዳል፤ ወዳጅ በዕድሜ እኩያ ነውና አብሮ አርጅቶ ወይ ቀድሞ ይሞታል፤ አፎቻ ግን እናት ስትደክም ልጅ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየገባበት አባል በአባል ስለሚተካ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት በሠላሳ ዓመት ሴቶች መካከል ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ሰው ከእኩዮቹ ሞት በኋላ ወገን ሳያጣ የሚቆየው እንዲህ ያለ፣ ዕድሜ የማይወስነው ማኅበር ሲኖረው ነው።

አንድ ጊዜ በተጠራሁበት ሰርግ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሴቶቹ አፎቻ ተሰብስቦ ከረቦው ሲመታ፣ ሌሎቹም ከበል የሚባሉትን ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች እያጋጩ ሲዘፍኑ፣ ከግድግዳው ተደግፈው የተቀመጡ፣ ያለ ረዳት መነሣት የማይችሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መጀመሪያ ስመለከታቸው ለክብር ያህል ያመጧቸው መስሎኝ ነበር። ዘፈኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ግን ከረቦ መቺዋ ወጣት ዓይኗን ወደ እርሳቸው ትወረውራለች፤ እርሳቸውም ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው መግቢያውን ያቀብሏታል፤ እርስዋም ትቀበልና ቤቱ ይሞላል። የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ በሙሉ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። እኒያ እናት ለክብር የተቀመጡ ሳይሆን ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ እርሳቸው ባይኖሩ ዘፈኑ ይደናቀፍ ነበር።

ክርስቲያኖችም ብትሆኑ ከዚህ የራቃችሁ አይደላችሁም። በፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም ወይም በሌላው አጥቢያ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት የሚሰበሰቡትን፣ በየወሩም በቅዱሳን ስም የሚጠጣውን ጽዋ ታውቁታላችሁ። ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው «የሚቀጥለው ተረኛ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተረኛውም ተነሥቶ ጽዋውን በነጠላ ሸፍኖ ይቀበላል፤ ማኅበርተኛውም በዝማሬና በእልልታ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። ያ ጽዋ በቤቱ ባደረበት ወር፣ ድሃም ይሁን ባለጸጋ፣ ጎልማሳም ይሁን ሽማግሌ፣ ያ ሰው የማኅበሩ ሁሉ ዓይን ያረፈበት ነው። እድሩም እንደዚሁ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አቁሞ፣ በለቅሶ ጊዜ ስም እየጠራ፣ ያልተገኘውን ቀሪ እያለ ይጽፋል። ብዙ ሰው በዚህ ቅጣት ያጉረመርማል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ቀሪ ተብሎ የሚቀጣ ሰው፣ መምጣቱን የሚጠብቅ ማኅበር ያለው ሰው ነው፤ ቀሪ ለመባልም ቀድሞ ከመዝገቡ መገኘት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ራሳችንን እያመሰገንን ብቻ እንዳንለያይ፣ የማኅበሮቻችንን ሁለት ጉድለት ልናገር። አንደኛው ከቸርነት የመጣ ነው። አባሉ ሲያረጅ «እርሳቸው ደክመዋል፣ ከተራም ከቅጣትም ነፃ ይሁኑ» ብለን በአንድ ድምፅ እንወስናለን፤ ሽማግሌውም አመስግነው ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸው አይጠራም፤ በሚቀጥለው ዓመት መገኘታቸው፣ ቀጥሎ አሳባቸው፣ ቀጥሎም ጤንነታቸው ሳይጠየቅ ይቀራል፤ በመጨረሻ ስማቸው የሚነሣው ጥሩንባ ነፊው በየመንገዱ ሲለፍፍ ነው። ከግዴታ ነፃ ማውጣት የሚመስለው ነገር ከማኅበር ማውጣት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ጉድለት ደጃችን ለእንግዳ የጠበበ መሆኑ ነው። የቆየ እድር ውስጥ ለመግባት የሚከፈለው መግቢያ ማኅበሩ ባረጀና ንብረቱ በበዛ መጠን እየከበደ ይሄዳል፤ አፎቻም በአብዛኛው በዘመድና በጉርብትና ይያዛል፤ ስለዚህ በሰባ ዓመቱ ብቻውን የቀረ፣ ቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው፣ ማኅበር በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ማኅበር አያገኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ካረጁ በኋላ፣ እንደ አዲስ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ ወይ? ይህን ለመመለስ ወደ ሦስተኛው ክፍል እገባለሁ።

በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጆርጅ ፎክስ የተባለ ሰባኪ ያነሣው፣ ራሱን የወዳጆች ማኅበር የሚል፣ ሌላው ሰው ግን ኩዌከር እያለ የሚጠራው የክርስቲያን ወገን አለ። በብዛት የታወቀው አምልኮአቸው ያለ ካህንና ያለ ቅዳሴ በአርምሞ መቀመጥ ነው፤ መንፈስ ያነሣሣው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ተነሥቶ ጥቂት ቃል ይናገርና ይቀመጣል። ጦር መሣሪያ አያነሡም። ለአገራችንም ፈጽመው እንግዶች አይደሉም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ፋሺስት ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ፣ ኩዌከሮች የመሠረቱት የአምቡላንስ ጓድ ወጣቶቹን ወደዚህ ልኮ በሆስፒታሎችና በክሊኒኮች አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ የኩዌከር የርዳታ ድርጅቶች ተሰጥቷል።

እነዚህ ሰዎች ነገር የሚወስኑት በድምፅ ብልጫ አይደለም፤ ሁሉ ተናግሮ፣ ተደማምጦ፣ አሳብ አንድ ወደ መሆን እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ ጸሐፊውም የደረሱበትን አሳብ በጽሑፍ አድርጎ በጉባኤው ፊት ያነባል፤ ተቃዋሚ ካለ እንደ ገና ይቀመጣሉ። ከዋርካ ሥር ሆኖ ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይህን ነገር ሲሰማ አይደነቅም።

ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፔንሲልቬንያ የበዙት ኩዌከሮች እ.ኤ.አ. በ1967 በግዊኔድ ፎክዌይስ የተባለውን፣ በ1973ም ኬንዳል የተባለውን የአረጋውያን መኖሪያ መንደር ከፈቱ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሰው ገና ጤነኛ ሳለ ይገባና ትንሽ ቤት ተሰጥቶት በራሱ ይኖራል፤ ሲደክም ረዳት ይመደብለታል፤ አልጋ ላይ ቢውል በዚያው ግቢ ባለው የሕሙማን ቤት ይታከማል፤ ስለዚህ በሽታው ቢጸናበትም ጎረቤቶቹን አያጣም፤ ትናንት አብረውት እራት የበሉት ሰዎች ዛሬ በእግራቸው መጥተው ይጠይቁታል። በውስጡ የሚኖሩት አብዛኞቹ ኩዌከሮች አይደሉም፤ ከየቦታው የመጡ፣ ድሮ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው በብዙ ጉባኤ ተከፋፍለው የግቢውን ኑሮ ራሳቸው መምራታቸው ነው፤ አንዱ ጉባኤ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠብቃል፤ ሌላው አትክልቱን ይንከባከባል፤ ሌላው አዲስ የመጣውን ሰው ተቀብሎ ያለማምዳል። ዘጠና ዓመት የሞላው ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ መጻሕፍት የሚያስተካክልበት ተራ ካለው፣ በማክሰኞ ባይታይ ሰው ደጁን ያንኳኳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የኬንዳል ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር ይደንቀኛል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ደካሞች እንዳይወድቁ፣ አእምሮአቸው የተሳከረም እንዳይጠፉ እየተባለ፣ በአልጋና በወንበር ላይ ማሰር የተለመደ ነበር። ኬንዳል ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ማንንም አላስርም አለ፤ ሰው ከሚታሰር ይልቅ ሄዶ ቢወድቅ ይሻለዋል ብሎ፣ አልጋውን ዝቅ አደረገ፣ የእያንዳንዱን ሰው ልማድ አጥንቶ ጠባቂዎቹን አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1986 «አረጋውያንን ፍቱ» የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግም አረጋውያን ለሠራተኛው ምቾት ሲባል እንዳይታሰሩ መብት ሰጣቸው። ሥሩ ከዚያም የቆየ ነው፤ ዊልያም ቱክ የተባለው የሻይ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1796 በእንግሊዝ አገር በዮርክ የአእምሮ ሕሙማን ያለ ሰንሰለት የሚያዙበትን ቤት የከፈተው ከዚሁ ከኩዌከር እምነት ተነሥቶ ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ እኛ አረጋውያንን በገመድ አናስርም። ነገር ግን «አይድከሙ፣ አይነሡ፣ አያስቡ፣ ለእርስዎ እኛ እናደርጋለን» የሚለው ፍቅራችን ለስላሳ ገመድ ሊሆን እንደሚችል አስቡበት። ከጽዋ ተራ የወጡት ሽማግሌ፣ ከአፎቻ ግዴታ ነፃ የተባሉት እናት፣ የታሠሩት በዚህ ገመድ ነው።

ከኩዌከሮቹ የማንቀበለው ነገርም አለ። ወደ እነዚያ መንደሮች ለመግባት ከፍተኛ የመግቢያ ገንዘብ፣ ከዚያም በየወሩ ሌላ ክፍያ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በአብዛኛው የባለጸጎችና የተማሩ ሰዎች ሰፈር ሆነው ቀርተዋል። ዕድሜያቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ሕፃን በመካከላቸው የሚታየው ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። በአገራችን ግን ያለ ገንዘብ ተጀምሮ ያደገ ሌላ ምሳሌ አለ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በወላጆቹ ቤት የጀመረው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ከጎዳና የተነሡ ብዙ ሺህ ሰዎችን ሰብስቧል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መመሪያውም በልጅ በዐዋቂው አፍ ገብቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ብሂል ሕዝቡ በዚያ ቤት በሥራ አሳይቷል። እንግዲህ ከአፎቻና ከእድር ግዴታን፣ ከመቄዶንያ የሕዝብን እጅ፣ ከኩዌከሮች ደግሞ እንግዶች በእርጅናቸው ወገን ሊሆኑ እንደሚችሉና ቤታቸውን ራሳቸው ሊያስተዳድሩ እንደሚገባ ብንወስድ፣ ለሐረር የሚሆነውን ነገር ለማሰብ በቂ ስንቅ አለን።

ወደ አራተኛውና ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስሁ፤ ምን እናድርግ? አራት ነገር ብቻ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌን ከተራ አናስወጣ፤ ተራውን እናቅልልለት። ድግስ መደገስ የማይችል ሰው የማኅበሩን ጸሎት ይምራ፤ ለቅሶ መሄድ ያልቻሉ እናት ሐዘንተኛዋ እዝኑ ካለፈ በኋላ መጥታ የምታጫውታቸው ሰው ይሁኑ፤ የሽማግሌው ስም ይጠራ፤ ባይመጣም ይጠየቅ። አስፈላጊ ከሆነ አንድ ብርም ቢሆን ይቀጣ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ እድርና አፎቻ ሥር የሌላቸውን ጥቂት አረጋውያን ያለ መግቢያ ይቀበል። ገንዘቡ ማኅበሩን አይጎዳውም፤ ለእነዚያ ሰዎች ግን በሞቱ ጊዜ የሚቀብራቸው ብቻ ሳይሆን፣ በሕይወት ሳሉ ሌላውን ለመቅበር የሚሄዱበት ማኅበር ይሆንላቸዋል። ቀባሪ ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ቀባሪ መሆን ግን ከዚያ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የአረጋውያን ቤት የሚሠራ ከሆነ ከከተማው ርቆ በመስክ ላይ አይሠራ። ገበያ በሚወጣበት፣ የአዛንና የደወል ድምፅ በሚሰማበት፣ ተማሪ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ይሁን፤ በሩም እንደ ጁገል በሮች በቀን ክፍት ይሁን። በውስጡም ረጅም የአልጋ መደዳ ከመዘርጋት በፊት ነደባ ያለው አዳራሽ ይሠራ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚቀመጥበት የታወቀ ስፍራ ይኑረው። የሐረር እናቶች ሆጃቸውን ቀድተው የሚጠጡበት፣ የደጋው ሰው ቡናውን በሦስት ዙር፣ በአቦል፣ በቶናና በበረካ፣ የሚያፈላበት ምድጃ ለየራሱ ይሰጥ፤ አንዱ ወገን የሌላውን ልማድ እንዲውጥ አይገደድ።

አራተኛ፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ነዋሪዎቹ ይሁኑ። ዳኛቸውን፣ ጸሐፊያቸውንና ገንዘብ ያዣቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ የምግቡን ዝርዝር፣ የጎብኚውን ሰዓት፣ የአዲስ ገቢውን ክፍል እነርሱ ተማክረው ይወስኑ። ዕድሜውን በሙሉ ፍርድ ቤት ያገለገለ፣ ትምህርት ቤት የመራ፣ ሻለቃ ያዘዘ፣ አፎቻ ያስተባበረ ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መወሰን አይሳነውም። ይጨቃጨቃሉ ብላችሁ አትስጉ፤ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አብረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በዝምታ ግድግዳ የሚያዩ አረጋውያን በተሞላ ግቢ ውስጥ ጭቅጭቅ ሲሰማ፣ ያ ቤት መዳን ጀምሯል ማለት ነው።

ለወጣቶች አንድ ቃል አለኝ። ሽማግሌን ለመጠየቅ ስትሄዱ ብርቱካንና ስኳር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጥያቄም ይዛችሁ ሂዱ። በሹዋልኢድ በዓል ሰሞን በአው ሹሉም አሕመድ መካን የሚባለውን የዝክሪ ዜማ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በማኪና ግርግር ለልብስ ሰፊው የሚነገረውን ልክ፣ የአንዱን ሰፈር የድሮ ባለቤቶች ስም፣ የአንዱን የድሮ ክርክር አፈታት ጠይቁአቸው። መልሱን ብታውቁትም ጠይቁ፤ ብትስማሙበትም ተከራከሩ። ሹዋልኢድ በ2016 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ መግባቱ ያኮራናል፤ ነገር ግን ያን ዝክሪ በቃሉ የሚያውቀው ሰው በቤቱ ጥግ ጠያቂ አጥቶ ከተቀመጠ፣ መዝገቡ ምንም አያድነውም።

እንግዲህ እዚህ ለተቀመጣችሁ የአፎቻና የእድር መሪዎች አንድ ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ መዝገባችሁን ግለጡ፤ በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት የተሰናበቱትን ወይም ስማቸው መጠራት ያቆመውን አባሎች ስም አንድ በአንድ አንብቡ። በእያንዳንዱ ስም አንጻር ያ ሰው እስከ ዛሬም ሊያደርግ የሚችለውን አንድ ሥራ ጻፉ፤ ሥራውንም የሚያደርስለት አንድ ወጣት መድቡ። ወጣቱም በዚያው ወር ሄዶ ሥራውን ይንገረው። ምናልባት አንዳንዶቹ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ተዉኝ» ይሏችኋል፤ አትተዉአቸው። ተራቸው እንደ ደረሰ ንገሩአቸውና ቀን ቁረጡ።